ቀይ የማይወደው መሐንዲስ

ሰውዬው ቀለም ይወዳል። ቀለም የሚወድ ሰው ሞልቷል፤ አንዱ ሠዓሊ ይሆናል፣ አንዱ ግድግዳ ቀቢ፣ አንዱም ጠዋት ጠዋት ሸሚዝ ሲያማርጥ ዕድሜውን ይጨርሳል። ይሄኛው መሐንዲስ ሆነ፤ መሐንዲስ የሆነውም ለብረት ተጨንቆ እንዳይመስላችሁ። ተማሪ ሳለ አንድ መምህር በፕሮጀክተር የብረት ክንድ አሳየው። ክንዱ ጎንበስ ቀና ሲል ሰማያዊው ወደ አረንጓዴ፣ አረንጓዴው ወደ ቢጫ እየፈሰሰ ሲሄድ ልጁ አፉን ከፍቶ ቀረ። ሌሎቹ ተማሪዎች ቁጥሩን ገለበጡ፤ እሱ ቀለሙን ይዞ ወጣ። ያን ዕለት ሙያውን መረጠ። ሚስቱን እንኳ እንዲያ ፈጥኖ አልመረጣትም፤ እሷን ሲያጠና ክረምት አልፎ ክረምት ተተክቷል።

ዛሬ ጸጉሩ ሳስቷል፣ ሆዱ ቀበቶውን ተሻግሯል፣ መነጽሩም ዓይኑ ላይ ከሚቀመጥበት ግንባሩ ላይ የሚውልበት ጊዜ ይበዛል። በመሥሪያ ቤቱ "ባለቀስተደመናው" ይሉታል። ስሙን ያወጣችለት የቢሮው ጸሐፊ ናት፤ እሷም በእጇ እየጻፈች በአፏ የምታንጎራጉር፣ ማንንም ሳትነካ የማትውል ሴት ናት። እሱ ግን ነገሩን ምስጋና አድርጎ ተቀበለው። እንግዳ ሲመጣ ደረቱን ነፋ አድርጎ፣ "እዚህ ቤት ባለቀስተደመናው ነው የሚሉኝ" ይላል። ጸሐፊዋም አንገቷን ደፍታ የሌለ ወረቀት ትፈልጋለች።

ሥራው ሲነገር ቀላል ነው። ከከተማው ዳር ባለው ኮረብታ ላይ የነፋስ ተርባይኖች ነጭ በነጭ ሆነው ተሰልፈዋል፤ ከሩቅ ላያቸው አንድ የማያልቅ እንጉርጉሮ የሚያወርዱ ይመስላሉ። ነፋሱ ይገፋቸዋል፣ ይለቃቸዋል፣ ደግሞ ይገፋቸዋል። ሽቦን በጣት መካከል ወዲያና ወዲህ ሲያጣጥፉት፣ ማንም በጉልበት ሳይጎትተው በመጨረሻ ቅንጥስ ይላል። የተርባይን ብረትም እንዲሁ ነው፤ አንድ ማዕበል ሳይሆን የመገፋትና የመለቀቅ ብዛት ነው የሚጨርሰው። ይህን የብረት ድካም ይሉታል። የባለቀስተደመናው ሥራ ብረቱ ሳይሰበር በፊት ድካሙን ኮምፒውተር ላይ አስመስሎ ማየት ነው። የማሽኑን አካል በሶፍትዌር ይሥላል፣ በጥቃቅን ቁራጭ ይከፋፍለዋል፣ የዓመታት ነፋስ ያስነፍስበታል። ሶፍትዌሩም የተዝናናውን ቦታ ሰማያዊ፣ የተጨነቀውን ቀይ አድርጎ ያሳየዋል።

ታዲያ ይህ የቀለም ወዳጅ ከቀለም ሁሉ ቀይን አይወድም። ሰማያዊ ፊርማ ያስገኛል፤ ቀይ ጥያቄ ያመጣል። ጥያቄ ደግሞ ምሳ ያሳልፋል። ስለዚህ ቀይን የሚያሳድድበት ብዙ ዘዴ አለው። አንዱ የቀለሙን ሚዛን ከፍ ማድረግ ነው፤ ቀይ የሚባልበትን ወለል ወደ ላይ ሲሰቅለው፣ ትናንት ቀይ የነበረው ቦታ ዛሬ ሎሚ መስሎ ያድራል። ብረቱ ያው ብረት ነው፣ ነፋሱም ያው ነፋስ፤ አረንጓዴ የሆነው የስብሰባው አዳራሽ ብቻ ነው።

ሌላው ዘዴ "ሞዴል ማጠብ" የሚለው ነው። እውነተኛው ብረት ሁለት ግድግዳው በሚገናኝበት ውስጠኛ ጥግ ላይ ክብ ተደርጎ ይሠራል፤ ጭንቀቱ እንዳይጠራቀም። ይህ ክብ ጥግ ግን ኮምፒውተር ላይ ጣጣው ብዙ ነው፤ እልፍ ጥቃቅን ቁራጭ ይፈልጋል፣ ስሌቱን ያጓትታል። በዚህ ሙያ ያለ ሰው ሁሉ ታዲያ በማያሳስብ ቦታ ላይ ክቡን አጥፍቶ ጥጉን ሹል ያደርገዋል። ሹል ጥግ ላይ ሶፍትዌሩ ሁልጊዜ ቀይ ያወጣል፤ ቁራጩን ባሳነስከው ቁጥር ቀዩ ይብሳል፤ ማቆሚያም የለው። ይህ ቀይ የሒሳቡ እንጂ የብረቱ እንዳልሆነ ሁሉም ያውቃል፤ አይቶ ያልፈዋል። ባለቀስተደመናውም ያልፈለገውን ቀይ ሁሉ በዚህ ያሳብባል፤ ማለፍ ብቻ ግን አልበቃውም። አዲስ ተቀጣሪ በሹል ጥግ ቀይ ደንግጦ ሲመጣ፣ "ኮምፒውተሩ እየተሽኮረመመ ነው፣ አንተ ደግሞ ልብህ ቀለጠ" እያለ ቢሮውን ሙሉ ያስቅበት ነበር። ስንቱ በዚህ ሣቅ አንገቱን ደፍቷል።

በቤት በኩል ደግሞ የሚስቱ ወንድም አለ። ሰዎች "ሻለቃ" ይሉታል። ወታደር ቤት በበሩም አላለፈ፤ ሻለቃ ያሰኘው ድምፁ ነው። ተርባይኖቹ ላይ እየወጡ የሚጠግኑት ሠራተኞች አለቃ ሲሆን፣ ከማማ ላይ እያዘዘ ስለኖረ መሬት ላይ ሆኖም እንደዚያው ይጮኻል። እሑድ እሑድ እህቱ ቤት ምሳ ይበላል፣ ከእህቱ ባልም ጋር ይነታረካል። አንዱ ሌላውን "የወረቀት መሐንዲስ"፣ ሌላውም አንዱን "የብሎን ጄኔራል" ይለዋል። የቤቱ እመቤት መምህርት ናት፤ ቀኑን ሙሉ ሕፃናት ስትገላግል ውላ እሑድ ደግሞ እነዚህን ትገላግላለች።

አንድ ሳምንት ሻለቃ ሰባተኛው ተርባይን ላይ እንግዳ ድምፅ ሰማሁ ብሎ ማሽኑን አቆመው።

"የማርሽ ሳጥኑ ነው" አለ ምሳ ላይ። "ማርሹ አልቋል። ይሄ ጆሮ ዋሽቶ አያውቅም።"

"ጆሮህ ሳይሆን ክዳን ላልቶ ነው" አለው ባለቀስተደመናው፣ ከሳህኑ ቀና ሳይል። ያለውም ስላወቀ ሳይሆን ሻለቃ ማርሽ ስላለ ብቻ ነው።

"አንተ ደግሞ የት አየኸው? ወጥተህ ታውቃለህ?"

"እኔ መውጣት አያስፈልገኝም። እኔ ጋ ማሽኑ ራሱ ይመጣል።"

"በፎቶ?"

"በሞዴል።"

"እሺ" አለች ሚስትየው፣ "ሞዴሉም ማርሹም ይብረድና እጃችሁን ታጠቡ።"

የቆመ ማሽን ኤሌክትሪክ አይሸጥም፤ ያረጀ ማሽን ደግሞ አንዴ ከቆመ ያለ መሐንዲስ ፊርማ አይነሳም። ባለቤቱ ኩባንያ ወደ መሥሪያ ቤቱ ደወለ፤ ክንፎቹንና የሚሰኩበትን እምብርት የሚሸከመው ዋናው ብረት ገና ዕድሜ አለው ብላችሁ ፈርሙልኝ፣ እኔም ላስነሳው አለ። የመሥሪያ ቤቱ ሥራ አስኪያጅ ሲያወሩት ሰዓቱን እንጂ ሰው የማያይ ሰው ነው። ባለቀስተደመናውን ጠራው።

"የክፍሉ ኃላፊ ጡረታ ሊወጣ ነው፤ ሰምተሃል።"

"ሰምቻለሁ።"

"ሰባተኛውን አስነሳልኝ፤ ወንበሩ ያንተ ነው።"

ያን ወንበር ስንት ዘመን እንደተመኘው እግዜር ይወቅ። የኃላፊው ቢሮ በሁለት በኩል መስኮት አለው፤ መስኮቱም ኮረብታውን ያያል። የጀርባው ቆዳ ተልጧል፣ መንኮራኩሩም አንዱ አይዞርም፤ እሱ ግን በምሳ ሰዓት ሽማግሌው ኃላፊ ሲወጡ ገብቶ ቁጭ ብሎ አይቶታል፤ እግሩን አንፈራጦ፣ እጁን ጭንቅላቱ ሥር አድርጎ። የሰው ልጅ ለምን ለምን እንደሚናፍቅ ሲታይ አንዳንዴ ለነፋስ ታዝናላችሁ፤ ከንቱ ሁሉ የሚባለው በእሱ ስም ነው።

ሞዴሉን ሠራ፣ አጠበ፣ ነፋሱን አስነፈሰ። ከብረቱ አንገት ሥር፣ ማማው ላይ ከሚቀመጥበት ቀለበት አጠገብ፣ አንዲት ቀይ ነጥብ ብቅ አለች። ወንበሩን ያሰበ ሰው የሚያየውን አይቶ አለፋት።

አጠገቡ የምትቀመጠው መሐንዲስ "ሐኪሟ" ትባላለች። መነጽሯን በሰንሰለት አንገቷ ላይ አንጠልጥላ፣ የሰው ሞዴል ባየች ቁጥር "የት ጋ ነው የሚያመው?" ማለት ልማዷ ስለሆነ ነው። ዕድሜያቸው እኩያ፣ ትምህርታቸው እኩያ ነው፤ ወንበሩንም እሷም ብትሰጠው አትጠላም። ከትከሻው በላይ አየች።

"ይሄ ቀይ ምንድን ነው?"

"ምንም። የሹል ጥግ ቀይ ነው፤ ታውቂው የለ።"

"ጥጉን ማን ሹል አደረገው?"

"እኔ። ሞዴሉን ሳጥብ።"

"እውነተኛው ላይስ?"

"ክብ ነው።"

"ታዲያ ክቡን ራስህ አጥፍተህ፣ ቀይ ሲመጣ ክብ ስለሌለ ነው ብለህ ትተወዋለህ?"

"ሁሉም ሰው እንዲህ ነው የሚሠራው፣ እህቴ።"

"ሁሉም ሰው የሚያጥበው በማያሳስብ ቦታ ነው። ይሄ አንገት ነው። ሹል አድርገህ ስትጠይቀው ደህና ነኝ አይልህም፣ ታምሜአለሁ አይልህም፤ ዝም ብሎ ይጮኻል። ክቡን መልስና ጠይቀው።"

"ክቡን ከመለስኩ ኮምፒውተሩ ለቀናት ይታሰራል። ስብሰባው ሐሙስ ነው።"

"እንግዲያውስ የምትመረምረው ስብሰባውን ነው" ብላ ወደ ቦታዋ ተመለሰች።

ቅናት ነው አለ በልቡ። ቅናት ማለት ለሰነፍ ሰው ትልቅ መድኃኒት ነው፤ የሰማውን ሁሉ ያስረሳዋል። ሐሙስ ዕለት መጋረጃው ተጋርዶ፣ ፕሮጀክተሩ በርቶ፣ ዋናው ብረት በግድግዳው ላይ በሰማያዊና በአረንጓዴ ታጥቦ ተገለጠ። የቀለሙ ሚዛን ከፍ ተደርጎ ስለተሰቀለ ቀይዋ ነጥብ የነበረችበት ቦታ ላይ ቀጭን ቢጫ ብቻ ነበር፤ እሷንም "ለጌጥ" አላት፤ ሰው ሳቀ። ፈረመ። ሥራ አስኪያጁም ሰዓቱን አይቶ አጨበጨበ። ጸሐፊዋ ብርጭቆዎቹን ስትሰበስብ ለራሷ የምታንጎራጉር መስላ እንዲህ አለች፦

*ቀዩን አረንጓዴ፣ የሚያደርግ ጠቢብ፣*
*ብረቱም ይስቃል፣ ሥራህን ሲያነብ።*

እሱ ከግጥሙ "ጠቢብ" የምትለዋን ብቻ ለይቶ ሰማ።

እሑድ ሻለቃ ፊቱን ቋጥሮ መጣ። ማሽኑ ማክሰኞ ጠዋት ይነሳል ተብሏል፤ ሲነሳ ማማው ላይ ሆኖ የሚከታተለውም እሱ ራሱ ነው።

"ወረቀትህን አየሁት" አለ። "ቆንጆ ነው። ልጆች ያሉት ሰው ግድግዳ ላይ ይሰቅለዋል።"

"ካልገባህ ማርሽ ሳጥንህ ላይ ተቀመጥ።"

"እኔ የምልህ፣ እህቴም ትስማ፣ ማሽኑ ይዞኝ ቢወርድ ባሌ ነው የገደለው ትበል።"

"ማንም አይሞትም" አለች እሷ። ድምፅዋ ግን እንደ ወትሮው አልነበረም፤ ወደ ባሏ ዞራ፣ "እርግጠኛ ነህ አይደል?" አለችው።

"አንቺ ሴት፣ እኔ ሳላጣራ ስፈርም አይተሽኝ ታውቂያለሽ?"

"አይቼሃለሁ። የመኪናውን ውል ሳታነበው ነው የፈረምከው።"

ሰኞ ጠዋት ቢሮ ሲገባ ሐኪሟ ወንበሯን ገፍታ ስክሪኑን ወደ እሱ አዞረችለት። ያንኑ ብረት ወስዳ፣ በንድፉ ላይ ያለውን ክብ ጥግ መልሳበት፣ ኮምፒውተሩን ቅዳሜና እሑድ ሲሠራ ተወችው። ክቡ ጥግ ሥር፣ በዚያው አንገት ላይ፣ ቀይ ቁጭ ብሏል። ይሄኛው የሚሽኮረመም ቀይ አይደለም፤ ቁራጩን ቢያሳንሱትም ንቅንቅ አላለም። ከሥሩ የተጻፈው ዕድሜ ደግሞ ካለፈ ቆይቷል። በሒሳቡ መሠረት ብረቱ መሰንጠቅ የነበረበት ከዓመታት በፊት ነው።

"ለማንም አላሳየሁም" አለች። "ፊርማው ያንተ ነው። እስከ ምሳ ድረስ ካንተ አፍ ይውጣ፤ ካለዚያ ከእኔ አፍ ይወጣል።"

ቦታው ሄዶ ተቀመጠ፤ እናም አሰበ። መጀመሪያ የመጣለት ሐሳብ የሰውየውን ልክ ይነግራችኋል፤ ሐኪሟ ወንበሩን ስለምትፈልግ የሠራችው ሥራ ነው ልበል ብሎ አሰበ። ሥራ አስኪያጁ ያምነዋል፤ ሥራ አስኪያጅ ማሽን የሚያስነሳን ሰው ሁሉ ያምናል። ዓረፍተ ነገሩንም አሰናዳው፤ "እኅታችን ትንሽ ስሜታዊ ሆና" የሚል መጀመሪያ ነበረው። ሸሚዙን አስተካክሎ ተነሣ።

ከኮሪደሩ መስኮት ኮረብታው ይታያል። ሰባተኛው ክንፎቹን ዘርግቶ እንደቆመ ነው። ባለቀስተደመናው እዚያ ላይ የሚስቱን ወንድም አሰበው፤ ከነድምፁ፣ ከነብሎኑ። ከዚያ ብረቱ ከአንገቱ ሲበጠስ አሰበ። ቀጥሎ ግን ያሰበው ሌላ ሰው የሚያስበውን አልነበረም። የሻለቃን ቀብር አየው። ፎቶግራፉ ተልቆ በጥቁር ክፈፍ ተሰቅሏል። ሚስቱ ወገቧን ይዛ ታለቅሳለች። አንዱ ተነሥቶ፣ "ይህ ጆሮው የማይዋሽ ጀግና አስጠንቅቆ ነበር፤ የወረቀት ሰዎች አልሰሙትም" ይላል። ከዚያ በኋላ እሑድ በመጣ ቁጥር፣ ዕድሜ ልኩን፣ በዚያ ባዶ ወንበር ፊት ለፊት ቁጭ ብሎ የሻለቃን ጥበብ እየሰማ ምሳውን ሊበላ ነው። የሞተ ሰው ደግሞ መልስ አይሰጥበትም። ይህ ሰው ከሞተ ለዘላለም ትክክል ሆኖ ሊቀር ነው። "ማርሽ ሳጥን ነው" ያለው ሰው።

ይህን ግን አንጀቱ አልቻለውም።

እንዲህ ነው እንግዲህ የሰው ነፍስ የተረፈው። ኅሊና መጥቶ አላንኳኳም፤ ፍቅርም አልዘመረም። አንድ ሰው ሌላውን ከመናቁ የተነሣ ሞቱን ነፈገው። ነፋሱ ይህን ቢሰማ ኖሮ፦

*አንተ ነፋስ ቀስ በል፣ ከኮረብታው ጫፍ፣*
*የሰው ልጅ ቸኩሏል፣ ቀለም ሊለጥፍ*

ብሎ ለራሱ ባንጎራጎረ ነበር።

ሥራ አስኪያጁ ጋ ገባ።

"ፊርማዬን እንዲመልሱልኝ ነው።"

"የምን ፊርማ?"

"የሰባተኛው። ጥጉ ላይ ስሕተት አለ።"

"የምን ጥግ?"

"ክቡን ጥግ አጥፍቼው ነበር። ሲመለስ ብረቱ አልቋል።"

ሥራ አስኪያጁ ሰዓቱን ማየት ተወና ለመጀመሪያ ጊዜ ሰውየውን አየው። "ሐሙስ አላለቀም ነበር።"

"ሐሙስ ሞዴሉ የታጠበ ነበር።"

"ምን ማለት እንደሆነ ታውቃለህ አይደል? ለእኔ ሳይሆን ለአንተ።"

"አውቃለሁ" አለ። ወንበሩ ነው የታየው፤ የተላጠው ቆዳ፣ የማይዞረው መንኮራኩር፣ ሁለቱ መስኮት።

ማክሰኞ በማስነሳት ፋንታ ምርመራ ሆነ። ባለቀስተደመናው ከፍታ ስለሚያዞረው ማማው ሥር ቆሞ ኮቱን እየያዘ ጠበቀ። ሻለቃ ሠራተኞቹን ይዞ ወጣ። አንገቱ ሥር ያለውን ቀለም ፋቁ፣ ብረቱን አጸዱ፣ ስንጥቅ የሚፈልገውን ቀይ ፈሳሽ ረጩ፣ ጠረጉ፣ ነጩን ዱቄት ነፉበት። በነጩ ላይ ቀይ መስመር ቀስ ብላ ወጣች፤ የጸጉር ያህል ቀጭን፣ የመዳፍ ያህል ረጅም፣ ክቡን ጥግ ተከትላ የምትሄድ። ሻለቃ ፎቶ አንሥቶ ላከና ደወለ።

"አየኸው? አላልኩም?"

"ማርሽ ሳጥን ነው ያልከው።"

"ታሟል አላልኩም?"

"ድምፁስ ከየት ነበር?"

ሻለቃ ስልኩን ይዞ ዙሪያውን ነካካ። በስልኩ ቆርቆሮ ሲንኳኳ ተሰማ። "የላላ ክዳን አለ እዚህ" አለ በመጨረሻ። "እሱ ግን ሌላ ጉዳይ ነው።"

የላላ ክዳን ያንኳኳል፤ የተሰነጠቀው ብረት ግን ትንፍሽ ሳይል ነው የኖረው። ሻለቃ ማሽኑን ያስቆመው በማይገባ ምክንያት፣ ባለቀስተደመናው ያዳነው በማይገባ ምክንያት ነው። ከሁለቱ አንዱ ዐዋቂ ቢሆን ኖሮ ምናልባት ነገሩ ባላማረ ነበር።

ወንበሩን ሐኪሟ ወሰደች። መጀመሪያ ያደረገችው ነገር ወንበሩን አውጥቶ መጣል ነው፤ ወገብ ያማል አለች። ባለቀስተደመናው በመስኮት ሆኖ ሲጥሉት አየና እንባው መጣ። ሁለተኛ ያደረገችው እሱን መጥራት ነው።

"እስከ ዛሬ ያጠብካቸውን ሁሉ" አለችው፣ "ከአንገት አካባቢ ክባቸውን እየመለስክ እንደገና ትሠራቸዋለህ።"

"ይሄ እኮ ጡረታ ያደርሰኛል።"

"ያደርስሃል" አለች፤ ወደ ሥራዋም ተመለሰች።

ወራት አለፉ። አንድ እሑድ የሚስቱ የትምህርት ቤት ጓደኞች ለምሳ ተጠርተው ነበር። ምግቡ ሲነሣ አንዷ እንግዳ ስለ ኮረብታው ማሽን ጠየቀች፤ ነገሩ በከተማው ተወርቷል። ባለቀስተደመናው ጉሮሮውን ጠራረገ። ወንድሜን፣ የሥጋ ያህል የምወደውን ሰው፣ ለአደጋ ከምሰጥ ወንበር ይቅርብኝ ብዬ ፊርማዬን ቀደድኩት አለ። ቀደድኩት ነው ያለው። ወረቀቱን ማንም አልቀደደውም፤ ፋይል ውስጥ አለ። ዓይኑ ረጠበ፤ ስለ ራሱ ሲያወራ ዓይኑ ቶሎ ይረጥባል። ሚስትየው ወደ ወንድሟ አየች፤ አሁን ሊፈነዳ ነው ብላ ሳህኗን ሰብሰብ አደረገች።

ሻለቃ ግን ራሱን ነቀነቀ። "እውነቱን ነው" አለ ቀስ ብሎ። "እኔም በጆሮዬ የሰማሁትን ስንጥቅ ስነግረው ወዲያው ገባው። እኛ ሳንነጋገር ነው የምንግባባው።"

"ሳንነጋገር" አለ ባለቀስተደመናው።

"እሱ ከታች፣ እኔ ከላይ።"

"እሱ በጆሮው፣ እኔ በሞዴሌ።"

እንግዶቹ ልባቸው ተነካ። አንዷማ መሐረብ አወጣች። ሁለቱ ሰዎች በጠረጴዛው ማዶና ማዶ ሆነው፣ በሕይወታቸው ለመጀመሪያ ጊዜ ሳይጣሉ፣ አንዱ የሌላውን ውሸት በትዕግሥት እየጠበቀ፣ አንዱ ለሌላው ቦታ እየለቀቀ ነገሩን እስከ መጨረሻው አወሩት።

እንግዶቹ ሲሄዱ ሚስትየው በሩን ዘጋች፤ ጀርባዋንም አስደግፋ ሁለቱን አየቻቸው።

"ለየብቻ ስትዋሹ ይሻል ነበር" አለች። "ቢያንስ አንዳችሁ ሌላውን ታርሙ ነበር።"

ሻለቃ ለባለቀስተደመናው ውኃ እየቀዳለት ነበር።